የጎደለው ጎን

የነሐሴ ዝናብ የቢሮውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ታቢታ ወረቀቷ ላይ ተደፍታ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛውን ሞልቶ ጫፉ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል። ወንዶቹን በግራ፣ ሴቶቹን በቀኝ እያደረገች የአዋሳን ሕዝብ በዕድሜ ደርድራ እየሣለች ነው። ከታች ሕፃናቱ፣ ከእነሱ በላይ ለትምህርት የደረሱት፣ ከዚያ ወጣቶቹ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ ሽማግሌዎቹ ይወጣል። ሕፃናቱ ብዙ፣ ሽማግሌዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሥዕሉ ሲያልቅ ከታች ሰፍቶ ከላይ ሾሎ እንደ ድንኳን ይቆማል።

በግንቦት አገሩ በሙሉ ተቆጥሮ ነበር። ዋናው ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ገና ነው፤ ሆኖም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር በመሆኑ ለኤግዚቢሽኑ የሚታይ ነገር ይዘጋጅ ተባለና፣ ታቢታ የምትሠራበት የስታቲስቲክስ ክፍል ከየቀበሌው የተሰበሰበውን በእጅ እንዲለቅም ታዘዘ። ለቀማውም ሥዕሉም እሷ ላይ ወደቀ። አልከፋትም። ቁጥር ትወዳለች፤ ከቁጥርም ይልቅ ቁጥር መልክ ሲያወጣ ማየት ትወዳለች። «በአፍ ሲነገራቸው ያዛጋሉ፤ ሲያዩት ግን ይደነግጣሉ» ትል ነበር። በዚህ ሥዕል እንዲያዩላት የፈለገችው የታችኛውን ስፋት ነው። ይህ ሁሉ ሕፃን ክትባት ይፈልጋል፣ ነገ ደግሞ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

በግራ በኩል ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አራት ዓመት ያሉት ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ድንኳኑ እዚያ ላይ ተቦድሷል፤ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል። እንደገና ደመረች፤ ያው ነው። በቀኝ በኩል ያሉት እኩዮቻቸው ሴቶች ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ወደ ውጭ ገፍተው ወጥተዋል።

ምክንያቱን መመራመር አላስፈለጋትም። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀና የመጀመሪያው ዙር ልጆች ተጭነው ከሄዱ ወዲህ፣ ወንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ልጁን ወይ ገጠር ሰዷል ወይ አንድ ጥግ ሸሽጓል። ቆጣሪ በሩን ሲያንኳኳም «ሌላ ሰው የለም» ብሏል። ታቢታ ራሷም ብላለች። ቆጣሪዎቹን ያሠለጠነችው እሷ፣ «አንድም ሰው እንዳያመልጣችሁ፤ የተኛ ካለ ቀስቅሳችሁ ጻፉ» ብላ ያሰማራቻቸው እሷ፣ ተራው የራሷ ቤት ሲደርስ ቆጣሪውን ልጅ ደጃፍ ላይ አቁማ «ብቻዬን ነው የምኖረው» አለችው። ወንድሟ ታምሩ ያን ጊዜ ከራሷ በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ጉልላት ቀስ ብለው መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ታስረው ከተፈቱ ወዲህ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይቺን ትንሽ ብትሞያትስ?» አሉ፣ ጣታቸውን ሳያነሡ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ድምሩ አይገጥምም፣ አቶ ጉልላት።»

«ማን ይደምረዋል?»

«አንድ ሰው ቢደምረውስ? ቁጥር ፈጠረች ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

መሙላቱም ያስፈራል፣ መተዉም ያስፈራል። በመጨረሻ ታቢታ ራሷን ለማጽናናት ያህል፣ «ሥዕል ነው ብለው ያልፉታል» አለች።

«እንዳፍሽ ያድርገው» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ኤግዚቢሽኑ ከመከፈቱ በፊት ሊገመግም የመጣው ካድሬ ጓድ ሽበሺ ይባላል። ገና ወጣት ነው፤ ካኪ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው። አይጮህም፣ ጠረጴዛ አይደበድብም። ሰዎች የሚፈሩት ይህንኑ እርጋታውን ነበር፤ ቁጣ ቢኖረው መቼ እንደሚመጣ ይታወቅ ነበርና። የፋብሪካውን ጨርቅ፣ የመንግሥት እርሻውን በቆሎ፣ የመሠረተ ትምህርቱን ፎቶግራፍ በፍጥነት አልፎ የታቢታ ሥዕል ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ቆንጆ ነው።» ከልቡ ነበር ያለው። «ወደ ትግሉ ከመግባቴ በፊት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሁሉ እውነት የሚናገረው ይህ ብቻ ነው።»

ታቢታ አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ሽበሺ ግን ጣቱን አንሥቶ የተቦደሰው ቦታ ላይ አሳረፈ፤ ቁስል እንደሚዳብስ ሐኪም ዝግ ብሎ ዳበሰው።

«እነዚህ የት ሄዱ?»

«ግንባር ናቸው፣ ጓድ» አሉ አቶ ጉልላት ቀድመው። «የእናት አገር ጥሪ...»

«ከዚህ ከተማ የሄዱትን አውቃለሁ። ዝርዝራቸው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህ ጉድጓድ የእነሱን አራት እጥፍ ይውጣል።» ወደ ታቢታ ዞረ። «በየቀበሌው ለይተሽ በካርታ ልትሠሪው ትችያለሽ? ወንዶቹ በብዛት የጎደሉበትን ቀበሌ ደማቅ ቀይ ቀቢው፤ ትንሽ የጎደሉበትን ፈዘዝ አድርጊው። ሁለተኛው ዙር ምልመላ እየደረሰ ነው። ከተማውን በሙሉ ከምንበረብር ወረቀቱ የቱ ጋ እንደምንገባ ይነግረናል።»

«እችላለሁ፣ ጓድ።» ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

«በዓሉ እስኪያልፍ ጊዜ አለሽ።» ከዚያ እንደዋዛ፣ «ለመሆኑ የት ነው የምትኖሪው?» አላት።

«አዲስ ከተማ።»

«ጥሩ ሰፈር ነው» አለና ሥዕሉን ከግድግዳው አስወርዶ፣ አስጠቅልሎ፣ ለሾፌሩ ሰጠ። ለሕዝብ አይታይም ተባለ። ስለ ሕፃናቱ አንድም ሰው አንድ ቃል አልተናገረም።

ታቢታ የተከራየችው ወይዘሮ ካሰች ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ሁለት ክፍል ነው። አባቷ ከወላይታ የመጡ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ሞተዋል። ያገለገሉበት ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ እህትና ወንድም መዝሙራቸውን ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይዘምሩታል። ታምሩ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ነበር ስሙ ለዘመቻ የተጠራው። የዚያኑ ዕለት የኮርኒሱን አንድ ጣውላ ፈትተው እሱን ወደ ላይ አወጡት፤ በግቢው ሰው ሲጠፋ ይወርዳል፣ ሰው ሲመጣ ይወጣል። ፀሐይ ካጣ የቆየ ፊቱ የታመመ ሰው መስሏል።

ይህን ከሁለቱ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ የወይዘሮ ካሰች የቤት ሠራተኛ ጫልቱ። ከኮፈሌ አካባቢ የመጣች፣ ዕድሜዋ ሃያ ያልሞላ፣ ወሬ የማታበዛ ናት። ማንም አልነገራትም። ልብስ ስታጥብ ከታቢታ ቀሚስ ጋር የወንድ ካናቴራ አገኘች፤ ሁለት ቀን ዝም አለች፤ በሦስተኛው ቀን ቧንቧው ጋ ታቢታን ስታገኛት፣ «እትዬ፣ የቀበሌ ጥበቃዎች ወደ ግቢ ሲገቡ ባልዲውን ሲሚንቶው ላይ እጥለዋለሁ። ይስማ» ብላ መንገዷን ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያ ባልዲ ስንቴ እንደወደቀ!

ታቢታ የካርታውን ነገር ለታምሩ የነገረችው እሑድ ቀትር ላይ፣ ወይዘሮ ካሰች ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነው።

«በቃ ልሂድ» አላት። «በሞያሌ በኩል...»

«ኬላው ላይ መታወቂያ ሲሉህ ምን ታሳያለህ?»

«ታዲያ እዚህ ሆኜ እስኪያወርዱኝ ልጠብቅ?» ፊቱን በእጁ አሸና፣ «የእኛን ቀበሌ አፍዝዢው» አለ።

«የማንን ላድምቅ ታምሩ? የሆነ ቦታ መድመቅ አለበት። ባዶ ካርታ ብወስድለት ለማወቅ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ሒሳብ ያውቃል።»

ታምሩ ሊመልስላት ሲል ባልዲው ወደቀ። ከመቀመጫው እንዴት እንደተነሣ አላየችውም፤ ጣውላው ሲገጠም ብቻ ሰማች። ጥበቃዎቹ የልማት መዋጮ ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ታቢታ በሩ ላይ ቆማ ከፈለቻቸው።

በዓሉ አለፈ። ታቢታ የከተማውን ካርታ ዘርግታ፣ ቀዩን ቀለም በውሃ በጥብጣ፣ ቀበሌ በቀበሌ ሠራች። ካርታው እየሞላ ሲሄድ የፈራችው ሆነ፤ ከሁሉም የደመቀው የራሷ ቀበሌ ነው። ብሩሹን አስቀምጣ ለብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ያንን ቀለም አንሥታ ፒያሳ ላይ ብታሳርፈውስ ብላ አሰበች። ማን ያውቃል? ወዲያው ግን እዚያው ፒያሳ ስኳርና ሳሙና የምትገዛበት የኑሪ ሱቅ ትዝ አላት። የኑሪ ሁለት ጎረምሳ ልጆች ከሚያዝያ ጀምሮ «ዘመድ ጥየቃ» ሄደዋል። ሚስቱ ደንበኛ በገባ ቁጥር ቀና ብላ በሩን ታያለች፤ ታቢታ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ወደ መሃል ከተማ ብትወስደውስ? እዚያም የሌላ ሰው ኮርኒስ አለ። ቀለሙን የምታሳርፍበት ባዶ መሬት አዋሳ ውስጥ አልነበረም።

መላ ያገኘችው የዚያ ሥዕል ቀኝ በኩል፣ የሴቶቹ ጎን፣ ትዝ ሲላት ነው። እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ከተቦደሰው ጎን አልተነቀለም ነበር። ሽበሺ ወንዶቹ ጎደሉ የሚለው ከሴቶቹ ጋር እያስተያየ ነው። ሴቶቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ከሆኑስ? ያን ጊዜ ወንዶቹ ጎድለው ሳይሆን ሴቶቹ በዝተው ነው! የቆጠራው ቅጽ የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። ታቢታ ቅጾቹን አስወጥታ ከአዋሳ ውጭ የተወለዱትን ሴቶች ለብቻ መለየት ጀመረች፤ ከሀገረ ሰላም፣ ከዶዶላ፣ ከሶዶ፣ ከዱራሜ። የቤት ሠራተኞች፣ ጠላ ቤት የሚሠሩ፣ ፋብሪካ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ። የጫልቱ ቅጽም መሃል ላይ መጣ፤ ኮፈሌ፣ የቤት ሠራተኛ። ታቢታ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብላ ከሌሎቹ ጋር ደመረቻት።

ከውጭ የመጡት ሴቶች ሲቀነሱ ፒያሳና መሃል ከተማ ላይ የነበረው ጉድለት የለም ለማለት ትንሽ ቀረው። የእሷ ሰፈር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሞላው። የቀሩት እውነተኞቹ ናቸው፤ በየኮርኒሱ፣ በየጓዳው፣ በየጎተራው ያሉት። ለእሱም መላ አገኘችለት። ቀበሌዎቹን ለየብቻ መቀባት ትታ አራት አራቱን አዋሃደች። ያን ጊዜ ቀዩ ቀለም እርስ በርሱ ተዋጠና ከተማው ከዳር እስከ ዳር ፈዛዛ ሮዝ ሆነ።

አቶ ጉልላት በሩን ዘግተው አዩት።

«ውሸት አለበት?»

«አንድም የለበትም። ሁሉም ቁጥር እውነት ነው።»

«እንግዲያስ እፈርምበታለሁ» አሉና ፈረሙ። ከዚያ ብዕራቸውን ሳይከድኑ፣ «እኔ ይህን ሰው የምፈራው ምኑን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሁሉን ነገር ለአንድ ሥራ ያውለዋል። ባዶ እጁን አይመለስም» አሏት። ታቢታ ግን በዚያ ሰዓት የምትሰማው የራሷን እፎይታ ነበር።

ሽበሺ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ተቀበላቸው። ካርታውን መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን አየው። ታቢታ ያጠናችውን ተናገረች፤ ከተማችን ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ስለሚበዙባት፣ ወንዶቹ ጠፍተው ሳይሆን...

«ቀበሌዎቹን ለምን አዋሃድሻቸው?»

ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። «በአንድ ቀበሌ ያለው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ያሳስታል፣ ጓድ። አንድ ቤተሰብ ቢለቅ እንኳ ቀለሙ ይለወጣል።»

ዓይኗን ትኩር ብሎ አያት። ከግድግዳው በስተጀርባ የሆነ ሰው ታይፕ ይመታል።

«ትክክል ነው» አለ ሽበሺ። «እኔም ተማሪዎቼን እንደዚያ ነበር የማስተምራቸው።» ካርታውን አስቀመጠና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አቶ ጉልላት ለመነሣት ሲሰናዱ፣ «እስቲ የሴቶቹን ቁጥር ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችለት።

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«የቤት ሠራተኞች... ጠላ ቤት፣ ሻይ ቤት... አንዳንዶቹ ገና ሥራ የሌላቸው...»

«ቀበሌ ያልተመዘገቡ።»

«አብዛኞቹ፣ ጓድ።»

«ደግ» አለና ማስታወሻ ያዘ። «በጣም ደግ ነው። ጥሩ ሠርተሻል።»

ደረጃውን ሲወርዱ አቶ ጉልላት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ታቢታ ግን እግሯ መሬት አልነካም። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ወርዳ ትኩስ ዓሣ ገዛች፤ ታምሩ ከኮርኒሱ ወርዶ ሲበላ፣ ከተደበቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው። ለጫልቱም በሳህን አድርሰውላት ነበር።

በጥቅምት ቡናው ቀላ። አንድ ቀን ጠዋት በፒያሳ ድምፅ ማጉያ የጫነች ላንድሮቨር ዞረች፤ የቡና ለቀማ ዘመቻ ታውጇል፣ የአገር ዶላር ዛፍ ላይ እየረገፈ ነው፣ ከገጠር ፈልሰው ያለ ሥራና ያለ መታወቂያ በከተማ የተቀመጡ ሴቶች የልማት ኃይል ሆነው ይሰለፋሉ። ታቢታ ድምፁን የሰማችው ቢሮዋ ውስጥ ነው። ቃላቱ አንድ በአንድ የእሷ ነበሩ። ከገጠር የመጡ፣ ሥራ የሌላቸው። ቀና ስትል አቶ ጉልላት በራቸው ላይ ቆመው እያዩዋት ነበር፤ ተመልሰው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቆ፣ እያለከለኩ ቢሮው ድረስ መጡ።

«ጫልቱን ወሰዷት! ወፍጮ ቤት ልኬያት፣ እህሉን እንኳ ሳታስፈጭ! አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ድረሽላት ልጄ!»

ታቢታ እየሮጠች ሄደች። ከቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ በሴቶች ተሞልቷል። አንዳንዶቹ ሽርጥ እንዳደረጉ፣ አንዲቷ እጇ ሊጥ እንደነካ ነው። ከዳር ኤንትሬ ካሚዮኖች ተሰልፈዋል፤ ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አግድም ይዘው ይገፋሉ። ሴቶቹ አያለቅሱም ነበር፤ ምን እንደመጣባቸው ገና አልገባቸውም። ጫልቱን ሁለተኛው መኪና ላይ አየቻት፤ የወፍጮ ቤቱን ቁና ታቅፋ ቆማለች።

«ያቺን ልጅ አውርዱልኝ! እህቴ ናት» አለች ለጥበቃው።

«እህትሽ?»

«እህቴ ናት። አብራኝ ነው የምትኖረው።»

«ማን ናት እህትሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ሽበሺ ነበር። ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው። «ብቻዬን ነው የምኖረው ብለሽ አልነበረም? የቤትሽን ቅጽ አይቼዋለሁ። ሥራሽን ስለወደድኩት ማን እንደሆንሽ ለማወቅ ፈለግኩ።»

«በቅርቡ ነው... የመጣችው፣ ጓድ።»

«መልካም። እህትሽ ከሆነች አትሄድም። ሁለት ልጆች አብረውሽ ይሂዱ፤ ቤትሽ ገብተው ማደሪያዋን፣ ልብሷን ይዩና ይመለሱ። ያን ጊዜ ትወርዳለች።» ድምፁ ውስጥ ማስፈራራት አልነበረም። «ምን ትያለሽ ታዲያ?»

ታቢታ አሰላች። ጥበቃዎቹ ወደ ግቢው ይገባሉ፤ ባልዲ የሚጥል ሰው የለም። ታምሩ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሰው ስለማይኖር ከኮርኒሱ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያነባል። አይሆንም ብትል ጫልቱ ትሄዳለች፤ እሺ ብትል ወንድሟ ይሄዳል። ዓይኗን ወደ መኪናው አነሣች።

ከመኪናው ላይ ጫልቱ ወደታች እያየቻት ነበር። ከታቢታ ወደ ሽበሺ፣ ከሽበሺ ወደ ሁለቱ ጥበቃዎች ዓይኗን አዞረች። ሁሉም ነገር በአንድ አፍታ የገባት ይመስል ቁናዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ ይቺን ሴትዮ አላውቃትም» አለች ጮክ ብላ።

«አታውቂያትም?» አለ ሽበሺ።

«ገበያ አይታኝ ይሆናል። አላውቃትም።»

ሽበሺ ታቢታን ለአፍታ ተመለከታት። «ሩኅሩኅ ነሽ» አላት፣ ወደ ቀጣዩ መኪና እያለፈ። «ግን ለማታውቂያት ሰው አትዋሺ።» ካሚዮኖቹ ሞተር አስነሡ። ታቢታ አቧራው እስኪጠፋ እዚያው ቆማ ቀረች፤ ጫልቱ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ታምሩ ነገሩን ሲሰማ ወጥቼ እጄን ልስጥ አለ። «እሷን አይመልሳትም» አለችው ታቢታ፤ «ሰውየው ጠርጥሯል፣ ይመጣል።» አባታቸውን የሚያውቁ ደበሌ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ጸሎት ቤቱ ሳይታሸግ የጉባኤው ሽማግሌ እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ታምሩ የእሳቸውን ያረጀ ኮት ደርቦ፣ መረብ ተሸክሞ፣ አሞራ ገደል ከሚባለው የሐይቁ ዳር ጀልባ ላይ ወጣ። ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። አቶ ደበሌ ማዶ አድርሰውት ወደ ወላይታ የሚያስገባውን የእግር መንገድ አሳዩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ነጋዴ ለአቶ ደበሌ «ዕቃው ደርሷል» ብሎ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ለብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም።

ጥበቃዎቹ የመጡት ታምሩ በሄደ በማግስቱ ነው። አልጋውን ገለበጡ፣ የቁም ሳጥኑን ልብስ አወጡ፤ አንደኛው ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን በሳንጃ ወጋው። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ከላይ አቧራና የቆየ የአይጥ ፍግ ረገፈ። ታቢታ ማንም እንደሌለ እያወቀች ሳንጃው የወጋውን ሁሉ ቆጠረች። ሁለት ቀን ቀደም ብለው ቢመጡስ ኖሮ? ይህ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት አልለቀቃትም።

ጫልቱ የተመለሰችው ከገና በኋላ ነው። ከስታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ወባ ይዟት ለቀቅ አድርጓታል። ሴቶቹ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ይተኙ እንደነበር፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ሞተው እዚያው እንደቀሩ ተናገረች። ወይዘሮ ካሰች አልቅሰው ተቀበሏት። ጫልቱ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ ታቢታ ክፍል ነበር።

«ታምሩስ?»

«ሄደ። ደህና ነው ይባላል።»

ራሷን ነቀነቀችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ታቢታ ውሃ ሰጠቻት። ልትናገር ከወሰነች ቆይታለች፤ ያም ሆኖ ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ሥዕሉን፣ ካርታውን፣ ሴቶቹን ለይታ ያወጣቻቸው እሷ መሆኗን፣ ቅጿን ከሌሎቹ ጋር በእጇ መደመሯን። ጫልቱ ሳታቋርጣት ሰማች።

«ለታምሩ ብለው ነው?»

«ለእሱም፣ ለሌሎቹም ነበር። እናንተን ይወስዳሉ ብዬ አላሰብኩም። ጫልቱ፣ እኔ...»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

«አለቃዬ ብቻ።»

ጫልቱ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ታቢታ ቁጣ ጠበቀች፣ ለቅሶ ጠበቀች፤ ይቅርታም ተስፋ አድርጋ ነበር። ጫልቱ ግን የተዘጋውን መስኮት አየችና፣ «ለማንም አይንገሩ» አለቻት። «ለእኔም ባይነግሩኝ ይሻል ነበር። አሁን ምስጢሩን እኔም ልጠብቀው ነው።»

በማግስቱ ወደ አገሯ ልትሄድ ተነሣች። ታቢታ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት፤ ጓዟን ልትይዝላት እጇን ብትዘረጋ ጫልቱ አልሰጥም አለቻት። መኪናው እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሁለቱም የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ያያሉ እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም። መኪናው በሻሸመኔ መንገድ ሲወጣ ታቢታ ሰዓቷን ተመለከተች። ቢሮ ብትዘገይ የት ነበርሽ የሚል ሰው ይኖራል፤ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ተመለሰች።